ወደ ሰሜን ዋልታ መንደሮች ለጤና ጥናት ሲኬድ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በአላስካ፣ በሰሜን ካናዳና በግሪንላንድ መንደሮች ተመራማሪ ብርቅ አይደለም። በረዶው ሲቀልጥ ከዝዮቹ ጋር ይመጣል፤ ደም ቀድቶ፣ መጠይቅ አስሞልቶ ከዝዮቹ በፊት ይመለሳል። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ በእውን የተሠሩ ናቸው፤ የሠሯቸውም ሰነፎች አልነበሩም። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ባለቤቱ ሳይሰማ ለጋዜጠኛ መናገር

በ1979 በአላስካ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ያኔ ባሮው ዛሬ ኡትኪያግቪክ በሚባለው ከተማ፣ ስለ መጠጥ ችግር ጥናት ተካሄደ። ጥናቱን የፈለገው የአካባቢው አስተዳደር ራሱ ነበር። የነዳጅ ገንዘብ የከተማውን ኑሮ ሲያናጋው መፍትሔ መሻቱ ነው። ለናሙና የተጠየቁት 88 ሰዎች ነበሩ። ውጤቱ ግን ነዋሪው ቁጭ ብሎ ሳይመክርበት በ1980 መጀመሪያ ተመራማሪዎቹ ከነበሩባት ከፊላደልፊያ ለመገናኛ ብዙኃን ተለቀቀ። የአካባቢው ተወላጅ የሆነው የኢኑፒያት ሕዝብ ስም በአንድ ጀምበር በአሜሪካ ጋዜጦች ከስካር ጋር ተቆራኘ። ችግሩ የለም ያለ ማንም አልነበረም፤ ነገር ግን አደባባይ ላይ የተዋረደ ሰው ምክር አይሰማም። ረቂቁ በመጀመሪያ ለከተማው ምክር ቤትና ለሽማግሌዎች ቀርቦ፣ ተቃውሟቸውም ሪፖርቱ ውስጥ መግባት ነበረበት።

እሺታን ፈቃድ ማለት

ከ1955 እስከ 1957 የአሜሪካ አየር ኃይል የምርምር ጣቢያ፣ የታይሮይድ ዕጢ ብርድን ለመቋቋም ይረዳ እንደሆነ ለማወቅ፣ 102 የአላስካ ተወላጆችን ጨረር ያለው አዮዲን-131 አስዋጠ። ብዙዎቹ እንግሊዝኛ በቅጡ ስለማያውቁ፣ የሚውጡት ምን እንደሆነ ሳይገባቸው እሺ አሉ። በ1996 የወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ግምገማ አዮዲኑ ያደረሰው የጤና ጉዳት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም አለ፤ ሰዎቹ ግን ተበድለዋል ብሎ ደመደመ። ጉዳት ሳይኖር በደል ይኖራል።

«ለምን እምቢ ይላሉ?» ብሎ መገረም

አንድ ኢኑዊት (የሰሜን ካናዳና የግሪንላንድ ተወላጅ) ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ሲያመነታ «ግንዛቤ ስለሌለው ነው» ማለት ይቀላል። በ1950ዎቹ ሲ ዲ ሃው የምትባል የካናዳ መንግሥት መርከብ በየባሕር ዳርቻው እየቆመች ሰዎችን ራጅ ታነሳ ነበር። ሳንባው ላይ ምልክት የታየበት ልጆቹን እንኳ ሳይሰናበት ወደ ደቡብ ሆስፒታሎች የሚወሰድበት ጊዜ ነበር። አንዳንዱ እዚያው ሞቶ፣ ቤተሰቡ መቃብሩን ሳያውቅ አሥርት ዓመታት አለፉ። መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2019 ነው። ስለዚያች መርከብ የማይጠይቅ መጠይቅ ከሆነ፣ ግንዛቤ የጎደለው መጠይቁ ነው።

አደጋውን ነግሮ ምግቡን መርሳት

በ1980ዎቹ የኩቤክ ተመራማሪዎች በእናት ጡት ወተት ውስጥ ፒሲቢ የተባለውን የኢንዱስትሪ ኬሚካል ሲለኩ፣ ለማነጻጸሪያ ንጹሕ ወተት ፍለጋ በኩቤክ ሰሜን ወዳለው የኢኑዊቶች ምድር፣ ወደ ኑናቪክ ዞሩ። ፋብሪካ የሌለበት አገር ነዋ! ያገኙት ግን ከደቡቡ አምስት እጥፍ ያህል ነበር። ኬሚካሉ በነፋስና በባሕር ሞገድ ተጉዞ፣ ከትንንሽ ፍጥረታት ወደ ዓሣ፣ ከዚያም ወደ ዓሣ ነባሪ ስብ እየተከማቸ ይወጣል።

እዚህ ላይ «ወተታችሁ ተበክሏል» ብሎ ዝም ማለት ሌላ ጉዳት መጨመር ነው። እናትየው ጡት ብትከለክል ምን ልታጠጣ? በአውሮፕላን የሚመጣው ምግብ ዋጋው አይቀመስም፤ ብዙውም ስኳር ነው። ዓሣ ነባሪው ግን ሴሌኒየምና ኦሜጋ-3 ይሰጣል፤ ሥጋው ሲከፋፈል ጎረቤትን ከጎረቤት ያስተሳስራል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጋር «ማጥባቱን ቀጥሉ» የሚለው ምክርም አብሮ መነገር አለበት፤ ተጠያቂውም ብክለቱን የለቀቀው እንጂ እናትየዋ አይደለችም። ኢኑዊቶች ይህን ክርክር ይዘው እስከ ዓለም አቀፍ ድርድር ሄደዋል፤ በ2001 እንዲህ ያሉ ኬሚካሎችን የሚገድበው የስቶክሆልም ስምምነት ሲፈረም ድምፃቸው ከተሰሙት አንዱ ነበር።

ያልለኩትን ማወጅ

የዴንማርኮቹ ተመራማሪዎች ባንግና ዳየርበርግ በ1970ዎቹ በግሪንላንድ ኡማናክ ወረዳ የሰዎችን የደም ቅባት ለኩ። የልብ ሕመሙን ብዛት ግን ራሳቸው አልቆጠሩም፤ ከነባር መዝገብ ወሰዱት። ሐኪም በሌለበት የሞተ ሰው ምክንያቱ እንዴት ተብሎ ይመዘገባል? «የባሕር ምግብ ስለሚበላ ኢኑዊት ልቡን አይታመምም» የሚለው ወሬ ግን ከዓሣ ዘይት ክኒን ጋር ዓለምን ዞረ።

ከቁጥር ሳንወጣ፦ 500 ሰው ባለበት መንደር አንድ ታማሚ ሲጨመር በ100,000 ሰው 200 ይሆናል። ዜና ከመሥራት በፊት መታሰብ አለበት። «ሦስት ልጆች ያሏት የ40 ዓመት ሴት» ብሎ ስም መደበቅም ከንቱ ነው፤ መንደሩ ሁሉ ያውቃታል።

ወቅቱን አለመጠየቅ

በጸደይ ጠንካራው ሰው ዓሣ ነባሪ አደን ላይ ነው። ያኔ ቤት ለቤት የሚያንኳኳ ጠያቂ በብዛት የሚያገኘው የታመመውንና የደከመውን ይሆናል።

ሲያልቅ ጥሎ መሄድ

በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ አለ። ከ1957 ጀምሮ አሜሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ኮምስቶክ በአላስካ ቤቴል ዙሪያ ባሉ መንደሮች አይሶኒያዚድ የተባለው መድኃኒት ሳንባ ነቀርሳን ይከላከል እንደሆነ ሲፈትን፣ መድኃኒቱን እሱና ቤተሰቡም ዋጡ። መሥራቱ ሲረጋገጥ ለማነጻጸሪያ ባዶ ክኒን ሲውጡ ለቆዩት እውነተኛው ተሰጣቸው። በዚያው ዘመን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ያድሉ የነበሩ የመንደር የጤና ረዳቶች በ1968 መደበኛ ፕሮግራም ሆኑ። ዛሬም ሐኪም በማይደርስበት የአላስካ መንደር በሽተኛን መጀመሪያ የሚያዩት እነሱ ናቸው፤ የእኛን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያስታውሳሉ።