ሴኩሪቲ ካሜራዎ ስልክ ላይ ይቆራረጣል? እንዲህ ያስተካክሉት

ግቢው ውስጥ አራት ካሜራ ተገጥሟል። ቤት ሆነው ሲያዩት ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ከሥራ ቦታ በስልክ ሲከፍቱት ግን ክብ ነገር ብቻ ይሽከረከራል። ብዙ ሰው ካሜራውን ወይም የገጠመውን ባለሙያ ይረግማል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከካርቶኑ ሲወጣ የነበረውን ሴቲንግ ማንም አልነካውም።

መጀመሪያ የኢንተርኔትዎን ፍጥነት ይለኩ። የሚፈልጉት ዳውንሎዱን ሳይሆን አፕሎዱን ነው፤ ምስሉ ከቤትዎ የሚወጣው በዚያ በኩል ነዋ። አፕሎድዎ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ከሆነና ካሜራው 4 ሜጋቢት ልላክ ካለ፣ መቆራረጡ አይቀርም። በነገራችን ላይ፣ ቤት ውስጥ ባለው መቅጃ (ኤንቪአር) ላይ የሚቀዳው ቪዲዮ ኢንተርኔት አይበላም። የሚበላው ከውጭ ሲያዩ ወይም ክላውድ ላይ ሲያስቀምጡ ነው።

አሁን ወደ ሴቲንጉ እንግባ። ካሜራዎቹ ኤንቪአር ላይ ከተሰኩ ከራሱ ሜኑ ማስተካከል ይቀላል። ካልሆነ ኮምፒውተርዎን ከካሜራው ጋር አንድ ኔትወርክ ላይ አድርገው የካሜራውን አይፒ አድራሻ (ኔትወርኩ ላይ የሚለይበትን ቁጥር) ብሮውዘር ላይ ይጻፉ። የካሜራው ብራንድ ሂክቪዥን ከሆነ ሲመጣ 192.168.1.64፣ ዳሁዋ ከሆነ ደግሞ 192.168.1.108 ነው፤ ባለሙያው ቀይሮት ከሆነ እሱን ይጠይቁ። የቪዲዮ ገጹን ሲያገኙ ምንም ሳይነኩ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ነገር ከተበላሸ መመለሻዎ እሱ ነው።

ገጹ ላይ ሜን ስትሪም እና ሰብ ስትሪም የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ። ዋናው ጉዳይ ያለው እዚህ ነው። ካሜራው አንዱን ምስል በሁለት መጠን ያወጣል፦ ትልቁ ለመቅጃ፣ ትንሹ ለስልክ።

ሜን ስትሪሙ (ትልቁ) ላይ ሪዞሉሽኑን፣ ማለትም የምስሉን ስፋትና ቁመት በነጥብ፣ አይቀንሱ፤ የሌባው ፊት ካልታየ ካሜራው ጌጥ ነው። ለ1920 በ1080 ካሜራ ፍሬሙን (በሰከንድ የሚነሳውን የምስል ብዛት) ከ25 ወደ 15 ያውርዱ፤ ለግቢና ለሱቅ ይበቃል። ኮዴኩን (ቪዲዮው የሚታመቅበትን መንገድ) ኤች.265 ያድርጉ፣ ከኤች.264 ጋር ሲተያይ ቦታ በደንብ ይቆጥባል። ቢትሬቱን፣ ማለትም በሰከንድ የሚላከውን የዳታ መጠን፣ ተለዋዋጭ (ቪቢአር) አድርገው ጣሪያውን 2048 ኪሎቢት ላይ ያቁሙት። ጣሪያው የሚያስፈልገው በተለይ ለማታ ነው። በጨለማ ምስሉ ላይ የሚርመሰመሱትን ነጠብጣቦች ካሜራው እንቅስቃሴ ስለሚመስሉት ዳታው ይንራል።

ሰብ ስትሪሙን 640 በ360 ወይም ለዚያ የቀረበውን፣ 10 ፍሬም፣ 384 ኪሎቢት ያድርጉት። አራቱን አንድ ላይ ቢከፍቱ እንኳ 1.5 ሜጋቢት ገደማ ነው። እዚህ ላይ ኤች.264 ይሻላል፤ የቆየ ስልክ ኤች.265ን ላይከፍት ይችላል።

አይ ፍሬም ኢንተርቫል የምትል ሳጥንም አለች። የፍሬሙን እጥፍ ይጻፉባት፤ ለ15 ፍሬም 30፣ ለ10 ፍሬም 20። ካሜራው ሙሉ ምስል የሚልከው አልፎ አልፎ ነው፤ በመሀል የተቀየረውን ብቻ ይልካል። ቁጥሩ ከበዛ ስልክዎ ቀጣዩን ሙሉ ምስል ሲጠብቅ ይቆያል።

ካሜራው ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ ከሆነ ደግሞ 60 ኸርዝ ላይ ተስተካክሎ ሊሆን ይችላል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ፍሎረሰንት አምፖል ሥር ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ ወደ 50 ኸርዝ ወይም ፓል (አንዳንድ ካሜራ ላይ የ50 ኸርዙ ምርጫ ስም) ይቀይሩት።

ስለ ሃርድ ዲስኩም ትንሽ ሒሳብ። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚልክ ካሜራ በ24 ሰዓት 10.8 ጊጋባይት ይሞላል። አራት ካሜራ በ2 ሜጋቢት በቀን 86 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ 1 ቴራባይት ዲስክ ወደ 11 ቀን ይይዛል። በ4 ሜጋቢት ቢሆን ስድስት ቀንም አይሞላ።

ሴቭ ካደረጉ በኋላ አፑ ላይ ዝቅተኛውን ጥራት ይምረጡ። ታርጋ ወይም ፊት ማየት ሲፈልጉ አንዱን ካሜራ ብቻ ወደ ከፍተኛው ይቀይሩ። ከዚያ የስልክዎን ዋይፋይ አጥፍተው በሞባይል ዳታ ይሞክሩት። ቀን ከሠራ፣ ማታ ሁሉም ሰው ኢንተርኔት ላይ ሲሆን አንዴ ይድገሙት። ያኔም ከተቆራረጠ ሰብ ስትሪሙን ወደ 256 ኪሎቢት ያውርዱት።