ጉልበት ያጣ የሞተር መጋዝ፦ የአየር ፊልተር ችግርና መፍትሄ

ሐዋሳ ወደሚገኘው ወርክሾፓችን የሚመጡት አብዛኞቹ የሞተር መጋዞች የሚያሳዩት ምልክት ተመሳሳይ ነው፤ ሞተሩ በባዶው ደህና ይሠራል፣ ግንድ ሲነካ ግን ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ቤንዚንም ከወትሮው አብዝቶ ይጨርሳል። ካንዴላው ሲፈታ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ፣ ሞተሩ አየር አንሶት ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው።

መንስኤው በአብዛኛው የተደፈነ የአየር ፊልተር ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎች መጀመሪያ የሚነኩት የካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) የቤንዚን ማስተካከያ ብሎን ነው። እባክዎ ፊልተሩን ሳያጸዱ ብሎኑን አይንኩ። በተደፈነ ፊልተር ላይ ቤንዚኑ የተቀነሰለት መጋዝ ለጊዜው ይሻለዋል፤ ፊልተሩ የተቀየረ ዕለት ግን አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ያንሳል። በባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱ የሚደርሰው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሆነ፣ ቤንዚን ማነስ የዘይት ማነስ ጭምር ነው። በወንዶ ገነት አካባቢ ባሕር ዛፍ የሚቆርጥ አንድ ደንበኛ በዚሁ መንገድ ቤንዚኑን ለመቀነስ ብሎኑን አጥብቆ፣ ቆይቶ አዲስ ፊልተር ገጥሞ ሥራ ጀመረ፤ መጋዙ መሐል ግንድ ላይ ቆመበት። ማርሚታውን (የጭስ ድምፅ ማፈኛውን) ፈትተን በጭስ መውጫው ስንመለከት የፒስተኑ ጎን ከላይ እስከ ታች ተቧጥሮ፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ከቦታው አልላቀቅም ብሎ አገኘነው። በአንድ ፊልተር እጥበት ይድን የነበረ ሞተር ፒስተንና ሲሊንደር አስቀየረ።

ለማጽዳት መጀመሪያ የመክደኛውን ዙሪያ በብሩሽ ይጥረጉ፤ ቾኩን (የካርቡሬተሩን የአየር መዝጊያ) ይዝጉ፤ ከዚያ ፊልተሩን ያውጡ። ቾኩ ካልተዘጋ ብናኙ በቀጥታ ወደ ካርቡሬተሩ ይወርዳል። የናይለን መረብ ያለውን ፊልተር ቀስ አድርገው መታ መታ ያድርጉት፤ የዘይትና የብናኝ ድብልቅ ስለሚለጠፍበት ባዶ ውሃ አያስለቅቀውም፤ በሞቀ የሳሙና ውሃ ይጠቡትና ፍጹም እስኪደርቅ ይጠብቁ። የወረቀት ፊልተር ግን አይታጠብም፤ ከቆሸሸ ይቀየራል። በቤንዚን ማጠብ እሳት ከመጋበዙም በላይ የፊልተሩን ሙጫ ይፈታል። ጎሚስታ ቤት ወስደው በኮምፕሬሰር ሙሉ ግፊት የሚያስነፉም አሉ፤ ይህ መረቡን ይቀድዳል፣ የተቀደደ ፊልተር ደግሞ ከተደፈነው ይብሳል።

ፊልተሩ በጸዳ ማግስት የሚደፈን ከሆነ ሰንሰለቱን ይመልከቱ። ስለታም ሰንሰለት ፍቅፋቂ ይጥላል፤ የደነዘ ግን እንጨቱን እንደ ዱቄት ያበነዋል፣ ፊልተሩን የሚደፍነውም ይኸው ብናኝ ነው። መሬት ለመሬት የተጎተተ ባሕር ዛፍ ልጣጩ አፈር ስለሚይዝ ሰንሰለቱን ወዲያው ያደነዝዛል፤ ከመቁረጥዎ በፊት አፈሩን ያራግፉ።

ከፊልተሩ ጀርባ፣ በካርቡሬተሩ አፍ ላይ ብናኝ ካዩ ፊልተሩ በደንብ አልገጠመም ማለት ነው። ገበያ ላይ የሚገኙት ርካሽ አስመሳይ ፊልተሮች ጠርዛቸው የተጣመመ በመሆኑ ይህን ችግር በተደጋጋሚ ያመጣሉ፤ በጥቂት ብር ቅናሽ ሞተር ማጣት አያዋጣም። አልፎ አልፎ ደግሞ ፊልተሩ ንጹሕ ሆኖ ማርሚታው ውስጥ ያለው ወንፊት በጥቀርሻ ይደፈናል።

1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ሐዋሳ 2,700 ሜትር ገደማ ወዳለችው ሀገረ ሰላም የሚወጣ መጋዝ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ፊልተሩ ንጹሕ ሆኖም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል። ብሎኑን መንካት ተገቢ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ወደ ሐዋሳ ሲወርዱ ግን መጋዙን ከማስነሳትዎ በፊት ወደነበረበት ይመልሱት።