ጉበትና አንጎል ጎን ለጎን፦ የነርቭ ሕዋስን የሚጠብቁ ኢንዛይሞችን ለተማሪ እንዴት እናሳይ?

ደሴ ውስጥ የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። "ኢንዛይም የነርቭ ሕዋስን ከጉዳት ይጠብቃል" ብዬ ሰሌዳ ላይ ብጽፍ ተማሪው ይገለብጣል፣ ለፈተና ይሸመድዳል፣ በቃ። ስለዚህ ከጽሑፉ በፊት አረፋውን አሳያለሁ። ላብራቶሪ የላችሁም? አብሽሩ። ከሥጋ ቤትና ከፋርማሲ የሚገኘው ይበቃል።

ጥሬ ጉበት፣ የበግ አንጎል፣ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ፣ ሦስት የሻይ ብርጭቆ፣ ክብሪትና ጭራሮ አዘጋጁ። ፐርኦክሳይዱ 3 በመቶ መሆኑን ጠርሙሱ ላይ አንብቡ፤ ጠንካራው ቆዳ ያቃጥላል። የዓይን መከላከያ ካለ ይደረግ። አንጎል ከበዓል ማግስት ጎረቤት ብትጠይቁ አይጠፋም። "የእስላም ሥጋ ነው የክርስቲያን?" የሚል ተማሪም አይጠፋም። "አይበላም እኮ!" በሉት፤ ክፍሉ ይስቃል። ጾም ላይ ሆኖ ሥጋ መንካት የከበደው ካለ ድንች ስጡት። ድንችም እንደ ጉበቱ ፐርኦክሳይድን ወደ ውኃና ኦክስጅን የሚሰባብረው ካታሌዝ የሚባለው ኢንዛይም አለው።

አሁን ዋናው ዝግጅት። አንጎሉን የሸፈነውን ስስ ሽፋን ከነደም ሥሮቹ ላጡ። ከዚያ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ እጠቡት። ይህን አትዝለሉ። ቀይ የደም ሕዋስ ካታሌዝ ሞልቶታል፤ ደም የቀረበት አንጎል ቢያረፋ የአንጎሉ ይሁን የደሙ አታውቁም። ጉበቱንም እጠቡት። ከሁለቱም የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ቁራጭ ቁረጡ። ሌላ የጉበት ቁራጭ ደግሞ በደንብ ቀቅሉና አቀዝቅዙ።

ሦስቱን በየብርጭቆው አድርጉና እኩል ፐርኦክሳይድ አፍስሱ። ጥሬው ጉበት ወዲያው ይንተከተካል፤ ነጭ አረፋው እስከ ብርጭቆው አፍ ይወጣል። የተቀቀለው ዝም ይላል፤ ሙቀት ኢንዛይሙን አበላሽቶታል። ጫፉ ፍም የሆነ ጭራሮ ወደ ጉበቱ አረፋ አስጠጉ፤ ቦግ ይላል። የሚወጣው ኦክስጅን ነው። ብርጭቆውን ግን እንዳትከድኑት።

አንጎሉስ? ትንሽ ትንሽ ያረፋል እንጂ ጉበቱን አይጠጋም። ተማሪ የሚነቃው እዚህ ላይ ነው። "ቲቸር፣ አንጎል መከላከያ የለውም ማለት ነው?" ይላሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ አትቸኩሉ። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ፣ ሰው አርፎ በተቀመጠበት ከሚጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ኦክስጅን በበዛበት ደግሞ ሱፐርኦክሳይድ የሚባል አደገኛ ትርፍራፊ ይፈጠራል። ታዲያ ካታሌዙ ካነሰ ማን ይጠብቀዋል?

መልሱ ቅብብል ነው። ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴስ የተባለው ኢንዛይም ሱፐርኦክሳይዱን ወደ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይቀይረዋል። ያ ራሱ መርዝ ነው። ድሮ እናቶቻችን ከጎረቤት በገል እሳት ሲጭሩ፣ ፍሙን የሚቀበለው ምድጃ ከሌለ ገል መያዙ ብቻ ምን ይፈይዳል? አንጎል ውስጥ ዋናው ተቀባይ ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ ነው፤ ፐርኦክሳይዱን ውኃ ያደርገዋል። እሱ ሲሠራ አረፋ ስለማይወጣ ብርጭቆው ውስጥ አናየውም።

ታሪኩንም ጣል አድርጉላቸው። ዲስሙቴስ ከ1938 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከከብት ደም የተገኘ፣ መዳብ ያለው ፕሮቲን ተብሎ ብቻ ይታወቅ ነበር። ሥራው ምን እንደሆነ ያሳዩት በ1969 በዱክ ዩኒቨርሲቲ ጆ ማኮርድና ኧርዊን ፍሪዶቪች ናቸው። በኋላ ይህ ኢንዛይም በብዛት እንዲኖራቸው የተደረጉ አይጦች የአንጎል ደም ሥራቸው ሲዘጋ ጉዳታቸው ቀንሶ ታየ። ስትሮክ ላይ የተቋረጠው ደም ሲመለስ ኦክስጅኑም አብሮ ስለሚመለስ፣ ሱፐርኦክሳይድ የሚጎርፈው ያኔ ነው።

እኔ በጣም የምወደው የ2016ቱን (እ.ኤ.አ.) ጥናት ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የእርጅና ጥናት ተቋም የማርክ ማትሰን ቡድን ሲርቲዩን 3 የሚባል ኢንዛይም አጠና። ይኸኛው የሚሠራው ማይቶኮንድሪያ በሚባለው የሕዋስ ጉልበት ማመንጫ ውስጥ ነው፤ እዚያ ካለው ዲስሙቴስ ላይ የተለጠፈ አሴቲል የሚባል ነገር ያነሳና ሥራውን ያቀላጥፍለታል። መሽከርከሪያ ላይ የሮጡ አይጦች ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ሲርቲዩን 3 ጨመረ። ኢንዛይሙ የሌላቸው ግን ቢሮጡም ሩጫው የነርቭ ሕዋሳቸውን አልጠበቀላቸውም። የጦሳን ዳገት እየወጡ ትምህርት ቤት የሚመጡ ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ደረታቸውን ይነፋሉ። ይንፉ! ጥናቱ ግን በአይጥ ላይ እንደሆነ ንገሯቸው።

አንዷ ተማሪ እናቷ "ኢንዛይሙን በኪኒን ልግዛልሽ ወይ?" እንዳሏት ነገረችን። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፤ ሲውጡት ጨጓራና አንጀት እንደ ማንኛውም ሥጋ ይፈጩታል። ገንዘባቸውን ለሌላ ያውሉት።

ሲያልቅ ብርጭቆዎቹን በሳሙና እጠቡ፤ ለሻይ ግን አትመልሷቸው። ጉበቱንና አንጎሉን ቅበሩ። ለውሻ አትስጡ፣ ፐርኦክሳይድ ጠጥቷል። የተረፈውን ፐርኦክሳይድ ብርሃን በማይገባበት ጠርሙሱ ከድናችሁ ጥላ ቦታ አስቀምጡ፤ ለሚቀጥለው ክፍል ትፈልጉታላችሁ።