«ፋር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በትክክል እንዴት እንጠቀምበታለን?

ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ቆሞ የለገሃርን መንገድ ለሚጠይቅ የውጭ አገር እንግዳ፣ ብዙዎቻችን ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል እያሳየን «ኢት ኢዝ ቱ ኪሎሜተርስ ፋር» ብለን እንመልሳለን። እንግዳው ሐሳባችንን ይረዳል፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ስሕተት ነው። የስሕተቱ ምንጭ «ይርቃል» የሚለው የራሳችን ግስ ነው፤ በአማርኛ «2 ኪሎ ሜትር ይርቃል» ማለት ትክክል ስለሆነ፣ «ፋር»ም እንደ ግሳችን ቁጥር የሚሸከም ይመስለናል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ልኬት የሚጠሩ መሆን አለመሆንዎን ይለዩ። ኪሎ ሜትር ወይም ደቂቃ የሚጠሩ ከሆነ «ፋር»ን ትተው «አዌይ» ይበሉ፦ «ኢት ኢዝ ቱ ኪሎሜተርስ አዌይ»። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል እንደምትርቅ ሲናገሩም እንዲሁ ነው። ርቀቱን ለመጠየቅ ግን «ሃው ፋር ኢዝ ኢት?» ይባላል። በ«ፋር» ተጠይቆ በ«አዌይ» መመለሱ ግር ቢልም፣ ጥያቄና መልሱን አጣምሮ መያዝ ሕጉን ከመሸምደድ ይቀላል።

ቀጥሎ ቁጥር የሌለበትን ንግግር እንመልከት። «ፋር» ብቻውን የሚስማማው በጥያቄና በአሉታ ነው። እኛ «እዚችው ናት» የምንለው (አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት የምታስኬድ ብትሆንም) በእንግሊዝኛ «ኢት ኢዝንት ፋር» ይሆናል። «ሩቅ ነው» ለማለት ሲፈልጉ «ኢት ኢዝ ኧ ሎንግ ዌይ» ቢሉ ለጆሮ ይጥማል፤ ከመጠን በላይ ከራቀ ደግሞ «ቱ ፋር» ትክክል ነው። ቃሉ ከስም በፊት ሲገባ ከእኛ «ማዶ» ጋር ይቀራረባል፤ «ዘ ፋር ሳይድ» ቢባሉ፣ መስቀል አደባባይን ተሻግሮ ያለውን ወዲያኛውን ወገን ያስቡ።

ለማነጻጸር «ፋርዘር» እና «ፈርዘር» አሉ። ለርቀት ሁለቱም ያገለግላሉ፤ «ተጨማሪ» ለማለት ግን «ፈርዘር» ብቻ ነው፣ በማስታወቂያ ግርጌ «ፎር ፈርዘር ኢንፎርሜሽን» ተብሎ እንደሚጻፈው።

በመጨረሻ ርቀት የሌለባቸውን አገባቦች ይለማመዱ። ከሁሉም የሚያሳስተው «ሶ ፋር» ነው። «ኢት ኢዝ ሶ ፋር» ሲባል ቦታው በጣም ሩቅ ነው ማለት ሲሆን፣ አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው «ሶ ፋር፣ ኖ ታክሲ ሃዝ ካም» ቢል ግን «እስካሁን አንድም ታክሲ አልመጣም» ማለቱ ነው። «አዝ ፋር አዝ አይ ኖው» እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ «ፋር ቤተር» እጅግ የተሻለ ማለት ነው። «ፋር ፍሮም ፐርፌክት» ለእኛ ቀላል ነው፤ አማርኛውም «ፍጹም ከመሆን የራቀ» ስለሚል፣ እዚህ ላይ ቃል በቃል መተርጎም አያሳስትም።