ያረጀ የቅንጦት ሰዳን እንዴት ይመረጣል? ዓባይ በረሃን የሚወጣውን መለየት

የመጀመሪያዋ መኪናዬ የጀርመን ሰዳን ነበረች። የቆዳ ወንበር፣ የእንጨት ዳሽቦርድ፣ ሲዘጋ "ድም" ብሎ የሚገጥም በር። አዲስ አበባ ላይ በደላላ ገዛኋትና እናቴን ከኋላ አስቀምጬ ወደ ደብረ ማርቆስ ነዳሁ። ጎሃ ጽዮንን አልፈን ዓባይ በረሃ ወረድን። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን ሽቅብ ስንል የሙቀት ጌጁ ከመሀል ፈቀቅ አለ። አይቼዋለሁ። "እስከ ደጀን ትችላለች" አልኩ በሆዴ። ኤሲውን እንኳ አላጠፋሁም። ትንሽ ቆይቶ ከኮፈኑ ጠርዝ ነጭ እንፋሎት ቡልቅ አለ። እናቴ ከኋላ ሆና "ልጄ፣ ወንበሩስ ግሩም ነው" አለችኝ።

ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ተጣሞ ተገኘ። ጥፋቱ የመኪናዋ አልነበረም። ራዲያተሩ ውስጥ የነበረው ዝም ብሎ የቧንቧ ውሃ ነው፤ ክዳኑም የሷ አልነበረም። ሁለቱንም ከመግዛቴ በፊት በአምስት ደቂቃ ማየት እችል ነበር። እኔ ግን ወንበሩን ነበር የማየው።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ጓደኛ መኪና ሊገዛ ሲል አብሬ እሄዳለሁ። አካሄዴ እንዲህ ነው።

1. ከመኪናው በፊት ዕቃውን ጠይቁ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ ገበያ ላይ ያለው እዚሁ አገር ውስጥ የሚዟዟረው ነው። አንዱ የሰለቸውን ሌላው ይገዛዋል። ለምን እንደሰለቸው ማወቅ የእናንተ ሥራ ነው።

ሁለት ሦስት ሞዴል ምረጡ። ከዚያ ማስታወቂያ ማየቱን ተዉትና መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሰው ላኩ። ለሁሉም ሞዴል አንድ ዓይነት አምስት ዕቃ አስጠይቁ፦ ራዲያተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ የፊት ሾክ፣ ቴስቲና (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው)፣ የፊት መብራት። ደብተር ላይ ጎን ለጎን ጻፉት። ዋጋውን ብቻ አትዩ። "አለ" ተባለ ወይስ "እናስመጣለን"? "እናስመጣለን" ማለት ለባሕር ዳር ሰው የሁለት ሳምንት ባጃጅ ማለት ነው።

መካኒኩንም አስቀድማችሁ ፈልጉ። "ሁሉንም እሠራለሁ" የሚለውን ሳይሆን ያንን ሞተር ፈትቶ የገጠመውን።

2. ሞዴሎቹን አወዳድሩ

የሞዴል ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው። አስተያየቱ የኔ ነው፤ ተከራከሩኝ።

ማርቼዲስ ደብልዩ 124 ከ1984 እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ የተሠራው ነው። ለጎጃም መንገድ ከአሮጌዎቹ ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ። ተራ ጥቅል ስፕሪንግ ነው ያለው፤ የአየር ስፕሪንግ የሚባል ጣጣ የለበትም። የሞተሩን ቫልቮች የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ የሚዞረው በሰንሰለት ስለሆነ ቺንጋ (የላስቲክ ቀበቶ) ተበጠሰ ብላችሁ አትሰጉም። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ "ጓ" አይልም፣ ይውጠዋል። ድክመቱ ፍጥነት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደጀን ከፍታ ላይ የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። ባለ 200 ናፍጣውን ከገዛችሁ ሽቅብ ላይ ሲኖትራክ ጥሩምባ እየነፋ ይቀድማችኋል። ከ1993 በኋላ የተሠራ ከሆነ የሞተሩን የኤሌክትሪክ ገመድ በጣት ዳሰስ አድርጉ። የነዚያ ዓመታት ገመድ ሽፋኑ እንደ ደረቅ ቂጣ ይፈረፈራል።

ተከታዩ ደብልዩ 210 ከ1995 እስከ 2002 ነው። ሰፋ ያለና ዝም ያለ ነው፤ ግን ዝገት ይወዳል። በተለይ ከአውሮፓ የገባ ከሆነ ጎማውን አስፈትታችሁ የፊት ስፕሪንግ የሚቀመጥበትን ላሜራ በባትሪ እዩ። እዚያ በዝገት የሚቆረጥ መኪና ነው። ላዩን ቀለም ተቀብቶ ቢያብረቀርቅም እዚያ ቦታ ማንም አይቀባም።

ደብልዩ 211ን እኔ አልገዛም። እስከ 2006 የተሠሩት ኤስ.ቢ.ሲ የሚባል በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ፍሬን አላቸው። ኮምፒውተሩ ፍሬን የተረገጠበትን ብዛት ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ሲሞላ "ቀይር" ይላል። ማርቼዲስ ራሱ ኋላ ላይ ትቶታል። ዓባይ በረሃ ቁልቁል ስንቴ እንደሚረገጥ አስቡት።

ቢ.ኤም.ደብልዩ ኢ 39 ከ1995 እስከ 2003 ነው። ለሹፌሩ ከሁሉም ይጣፍጣል። ችግሩ የማቀዝቀዣው ክፍል ብዙ ፕላስቲክ መሆኑ ነው። ራዲያተሩ፣ የውሃ ማጠራቀሚያው፣ የቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚከፍትለት በር) ቤት፣ ሁሉም ዕድሜ ሲጠግብ ይሰነጠቃል። ይባስ ብሎ የሙቀት ቀስቱ ሹፌሩን እንዳያስጨንቅ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ከ75 እስከ 110 ዲግሪ ገደማ መሀል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሲነቃነቅ ካያችሁት ነገሩ አልፏል።

ሌክሰስ ኤል.ኤስ 400 በ1989 የወጣው ባለ 4 ሊትር ስምንት ሲሊንደር ነው። ሲወጣ በተሠራው ማስታወቂያ ኮፈኑ ላይ የሻምፓኝ ብርጭቆ ተቆልሎ፣ መኪናው በሮለር ላይ እየተነዳ አንድም ብርጭቆ አልወደቀም። በጸጥታ የሚደርስበት የለም። ነገር ግን ቺንጋ አለው፤ የውሃ ፓምፑንም የሚያዞረው ያው ቺንጋ ነው። በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ሁለቱንም አንድ ላይ መቀየር ነው። የመሪው ፓምፕ ዘይት ማንጠባጠብ ከጀመረ ደግሞ ዲናሞው ላይ ይፈስና ዲናሞውን ይዞ ይሄዳል። ቤንዚን ይጠጣል። በሰልፍ ቤንዚን የሚቀዳ ሰው ይህን አይዘንጋ።

ስሙ ሌክሰስ ሆኖ ወጪው እንዲቀል የሚፈልግ ሰው ኢ.ኤስ 300ን ይይ። ከሥሩ ካምሪ ነው። እንደ ኤል.ኤስ አይንሳፈፍም፤ ዕቃው ግን ይገኛል።

3. ሞተሩን በቀዝቃዛው ያዙት

ትልቁ ሥራ ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ።

ለባለቤቱ "እስክመጣ እንዳታስነሣው" በሉት። ጠዋት 1 ሰዓት ሂዱ። ሰላምታ እየተለዋወጣችሁ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ ጣል አድርጉ። ሞቅ ካለ "ሌላ ቀን እመጣለሁ" ብላችሁ ተመለሱ። ምናልባት ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ ሊሆን ይችላል። የሞቀ ሞተር ግን ጉዱን ይደብቃል፤ የጠዋት ኳኳታውም ጭሱም አይታይም።

ቀዝቃዛ ከሆነ የውሃውን ክዳን ክፈቱ። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ሮዝ ከሆነ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው፣ ደህና። የጉሽ ጠላ መልክ ካለው ውስጡ ዝጓል። ላዩ ላይ የዘይት ዓይን ካለ ደግሞ ደህና ዋሉ በሉ። የዘይቱን ክዳንም ገልብጡት። ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካለበት ዘይትና ውሃ ተገናኝተዋል። እዚህ ላይ ግን አትቸኩሉ። እንደ እንጅባራ ባለ ብርድ አገር አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ክዳኑ ሥር ጤዛ ይይዛል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁ እዩ፤ እሱም ነጣ ካለ ነው በሽታው።

አሁን ክዳኑን በእጃችሁ ያዙ። ላስቲኩ ተሰንጥቋል? ላዩ ላይ የግፊት ቁጥር አለ፤ መኪናው የሚጠይቀው ነው? ስለ አንድ ክዳን ይህን ያህል የምለፈልፈው በምክንያት ነው። ደጀን ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 ገደማ ላይ ነው። ጮቄ ሥር ባቄላ የምትቀቅል እናት ይህን ታውቀዋለች፤ ውሃው ቶሎ ይንተከተካል፣ ባቄላው አይበስልም። የብዙ መኪና ቴርሞስታት ደግሞ የሚከፍተው 85 እስከ 90 ዲግሪ ላይ ነው። ልዩነቷ ይህችው ናት። ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው የክዳኑ ግፊት ነው፤ ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ያርቀዋል። ከድልድዩ እስከ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ነው ሽቅቡ። ሞተሩ እየጋለ ሲሄድ ውሃው የሚፈላበት ዲግሪ ደግሞ እየወረደ ይሄዳል። የኔዋ ያበቃላት እዚያ ነው፣ በአንዲት ክዳን።

ክዳኑን መልሱና ሞተሩን አስነሡ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ከራዲያተሩ በላይ ያለውን ወፍራም ጎማ ጨመቅ አድርጉት። ገና ሳይሞቅ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ከሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። የቴስታታ ጋስኬት ሄዷል ማለት ነው። ባለቤቱ "ትንሽ ነገር ናት" ሊላችሁ ይችላል። ትንሽ ከሆነች እሱ ይሥራት።

ከዚያ ኤሲውን ከፍታችሁ 20 ደቂቃ ቆማችሁ አውሩ። ኤሌክትሪክ ፋን ያለው ከሆነ ተነሥቶ መልሶ ሲያጠፋ ስሙት። በመጨረሻ ኤሲውን አጥፍታችሁ ማሞቂያውን እስከ ጥግ ክፈቱ። ሞተሩ ሞቆ ከማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ከወጣ ውሃው ጎድሏል ወይም ውስጡ አየር አለ።

ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወዲህ ለተሠሩት፣ በስልክ የምትነበብ ትንሽ ስካነር ግዙ። የውሃውን ሙቀት በቁጥር ታሳያለች። ቀስት ይዋሻል፣ ቁጥር አይዋሽም። "እኔ በጆሮዬ አውቃለሁ" ከሚል መካኒክ እሷን አምናለሁ፤ መካኒኮች ይቅር ይበሉኝ።

4. አቀበትና ኮብልስቶን

ባሕር ዳር ሜዳ ነው። ሜዳ ላይ ሁሉም ካምቢዮ ጤነኛ ነው። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ውሰዱት። አውቶማቲክ ከሆነ ሽቅብ ላይ ማርሽ ሲቀይር ሞተሩ ጮኾ መኪናው ከዘገየ ካምቢዮው እያንሸራተተ ነው። ከቆመበት ወደ ኋላ ማርሽ ስታስገቡ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ "ደም" ካለም ያው ነው። ካምቢዮ ማሠራት ሁለተኛ መኪና መግዛት ነው።

ለምቾቱ ከኋላ ተቀመጡ፣ ሌላ ሰው ይንዳ። ኮብልስቶን ላይ በዝግታ። በውሃ የተሞላ ስኒ በእጃችሁ ያዙ። ከፈሰሰ ወዲያው ሾኩን አትርገሙ፣ መጀመሪያ ጎማውን እዩ። ብዙ ሰው ለማማር ብሎ ባለ 18 ቸርኬና ስስ ጎማ ይገጥማል። ደብልዩ 124 ከፋብሪካ ሲወጣ ባለ 15 ከወፍራም ጎማ ጋር ነው። ግማሹ ምቾት ያ ጎማ ነበር። እንደዚያ ያለ መኪና ካገኛችሁ ዋጋ አስቀንሱና ባለ 15ቱን መልሱለት።

መስኮት፣ ሬዲዮ፣ የወንበር ሞተር፣ ሁሉንም ተጫኑ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር አመሳክሩ፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበትም ከመንገድ ትራንስፖርት አጣሩ።

5. ሂሳብ

ያላችሁን ገንዘብ ሁሉ መኪናው ላይ አትጨርሱ። እኔ ከአምስት እጅ አንዱን ለመጀመሪያው ስድስት ወር አስቀምጣለሁ። በደብተራችሁ ከጻፋችኋቸው አምስት ዕቃዎች ሁለቱ መቀየራቸው አይቀርም። ርካሹ ማርቼዲስ ብዙ ጊዜ ውዱ ነው፤ ለምን ረከሰ?

6. ከገዛችሁ በኋላ

በመጀመሪያው ሳምንት ውሃውን በሙሉ አስፈስሱ። ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ለእኩል አድርጋችሁ ሙሉ። ቴርሞስታት፣ ክዳንና የላሉትን የውሃ ጎማዎች (ቱቦዎች) ቀይሩ። ከማንኛውም ሌላ ነገር በፊት፣ ከወንበር ልብስም በፊት።

ከዚያ መንገዱ ደህና በሆነ ቀን በረሃውን በጠዋት ውረዱ። ቁልቁሉን በማርሽ ያዙ፤ ፍሬን ረግጣችሁ ከወረዳችሁ ታች ስትደርሱ ሸራው ይሸታል። ሽቅቡን ስትጀምሩ ኤሲ ጠፍቶ ይሁን። ሁለት ባለ 5 ሊትር ውሃ ከኋላ ይኑር። ቀስቱ ከመሀል ፈቀቅ ካለ "ትችላለች" አትበሉ። ማሞቂያውን እስከ ጥግ ከፍታችሁ ዳር ያዙ፣ አጥፉ፣ ቢያንስ 45 ደቂቃ ጠብቁ።

ክዳኑን ደግሞ እንዳትነኩ። እኔ ያን ቀን በጨርቅ ይዤ ልከፍተው ስል አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከላይ ሆኖ "ኧረ ተው ወንድሜ! ፊትህን ትፈልገው የለም?" ብሎ ጮኸብኝ። ወርዶ አብሮኝ ጥላ ሥር ተቀመጠ፤ እናቴም የያዘችውን ዳቦ ቆረሰችልን።