ኦልስፓይስ የተፈጨ አትግዙ፣ ፍሬውን ግዙ

ኦልስፓይስ የምትጠቀሙ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ስሙን (በእንግሊዝኛ «ሁሉም ቅመም» እንደማለት ነው) ሰምቶ ብዙ ሰው የተደባለቀ ቅመም ይመስለዋል ግን አይደለም፣ የአንድ ዛፍ ፍሬ ነው፣ ዛፉ ደግሞ ከቅርንፉድና ከባህር ዛፍ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። የመጣው ከጃማይካ፣ ከደቡብ ሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ነው። ስፔኖች ሲያዩት ቁንዶ በርበሬ መስሏቸው ፒሚየንታ አሉት፣ ጃማይካዎች እስካሁን ፒሜንቶ ነው የሚሉት (ስህተቱ ስም ሆኖ ቀረ ማለት ነው)።

እና ዋናው ነገር፣ ፍሬው የሚለቀመው ሳይበስል አረንጓዴ እያለ ነው፣ ከበሰለ ሽታው ይቀንሳል፣ ከዛ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ሽታውን የሚሰጠው ዘይት ውስጡ ስላለ ከተፈጨ በኋላ ቶሎ ይበናል፣ ስለዚህ ፍሬውን ገዝታችሁ አየር በማያስገባ ዕቃ አስቀምጡና ስትፈልጉ ብቻ ውቀጡ ወይ በቡና መፍጫ ፍጩ፣ ልዩነቱን እዛው በአፍንጫችሁ ታውቁታላችሁ። ቀስ ብሎ ለሚበስል ወጥ ወይ ሾርባ ግን መፍጨትም አያስፈልግም፣ 5 ወይ 6 ፍሬ እንዳለ ጣሉበትና ሲበስል አውጡት፣ በጥርስ ከተገኘ አይጣፍጥም 😅

ካጣችሁት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ሩብ ቅርንፉድና ሩብ ገውዝ ብትደባልቁ ይጠጋጋል፣ ያው አይሆንም ግን ለኬክ ይበቃል። በተረፈ እጃችሁን ያዝ አድርጉ፣ ከበዛ የጥርስ ሐኪም ክፍል ነው የሚሸተው።