ኤክሴል ላይ ፊልተር ሲደረግ ቅርጾች እንዳይጨፈለቁ

ችግሩ እንዲህ ነው፦ ሠንጠረዡ ላይ ቀስት፣ ሳጥን ወይም በወርድአርት የተሠራ ርዕስ አለ። ፊልተር ሲደረግ ወይም ረድፎች ሲደበቁ ቀስቱ ቀጭን መስመር ይሆናል፣ የርዕሱ ፊደላትም ተጨፍልቀው አይነበቡም።

መጀመሪያ የተሞከረው «ሎክ አስፔክት ሬሾ» (የቁመትና የወርድ ምጥጥን እንዳይቀየር የሚያደርገው ምርጫ) ነበር፤ አልረዳም። እሱ የሚሠራው የቅርጹ መጠን በእጅ ሲቀየር ነው። በ«ግሩፕ» ማሰርም አልሠራም፤ ሁሉም አብረው ተጨፈለቁ።

ምክንያቱ፣ ኤክሴል አዲስ ቅርጽን «ሙቭ ኤንድ ሳይዝ ዊዝ ሴልስ» በሚለው ምርጫ ከሴሎቹ ጋር ያስረዋል። ከሥሩ ያሉት ረድፎች ሲደበቁ የቅርጹ ቁመትም አብሮ ይጠፋል።

የሠራው ይኸው፦ ፊልተሩን አንሱና ቅርጾቹ ወደ መጠናቸው ይመለሱ። አንዱን ቅርጽ መርጣችሁ ኮንትሮል ኤ ስትጫኑ ሁሉም ይመረጣሉ። ኮንትሮል 1 ተጫኑ፤ በቀኝ በኩል በሚከፈተው «ፎርማት ሼፕ» ላይ «ሳይዝ ኤንድ ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ምልክት ንኩ፤ «ፕሮፐርቲስ»ን ዘርግታችሁ «ሙቭ በት ዶንት ሳይዝ ዊዝ ሴልስ»ን (ከሴሎቹ ጋር ይንቀሳቀስ፣ መጠኑ ግን አይቀየር) ምረጡ።

የማስታወሻ ሳጥኖች (ኖት) ግን ለየብቻ ይስተካከላሉ። ብዙ ሰዓት የሚበላውም እዚህ ነው፦ ጠቋሚው ጽሑፉ ውስጥ እያለ «ፎርማት ኮመንት» ቢከፈት የሚመጣው «ፎንት» ብቻ ነው። የሳጥኑን ጠርዝ በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ «ፎርማት ኮመንት»ን ስትከፍቱ ግን «ፕሮፐርቲስ» የሚለው ትር ይታያል፤ ምርጫው ያው ነው።

የወርድአርቱን ርዕስ ደግሞ ፊልተር ካለበት ረድፍ በላይ አስቀምጡት። እዚያ ያሉትን ረድፎች ፊልተሩ አይደብቃቸውም።